አፉ ብቻ የተረፈው ሬዲዮ

ክረምት ሊገባ ሲል አሶሳ ውስጥ ሰው ሁሉ አጥሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል። ለምስጥ ነው። እዚህ አገር ምስጥ የማይበላው ድንጋይና ወሬ ብቻ ነው፤ የተቀረውን ዛሬ ካልቀባኸው ነገ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ። ባለፈው ሳምንት የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አጥሩን ሲያስቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው በራቸውን ዘጉ፤ እኔ መስኮቱን ይበልጥ ከፈትኩት። ለእኔ ያ ሽታ የሻይ ሻጯ የሃቦባ አሻ ሳሎን ነው። ቅርንፉድ የበዛበት ሻይ፣ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ ሰዎች ላብ፣ ከሥር ደግሞ የተቃጠለ ዘይት።

ትዝታ የሽማግሌ ሥራ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ገና ሠላሳ መሆኔ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ነቀምት ልብስ ሸጫለሁ፣ ጉባ ግድቡ ካምፕ ካንቲን ሠርቻለሁ፣ አዲስ አበባም ሞክሬ ሰልችቶኝ ተመልሻለሁ። በተመለስኩ ቁጥር አሶሳ ሌላ ሆና ትጠብቀኛለች። የሃቦባ አሻ ቤት የነበረበት ማዕዘን ላይ ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ አለ፤ በሩ ላይ ሰው የሚያክል ጥቁር ስፒከር አቁመው ቀኑን ሙሉ ያስጮሁታል። የሚያዳምጠው የለም። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ስፒከሩ ብቻውን ይጮኻል። እኔ ሳልፍ ሁልጊዜ ያናድደኛል። እዚያችው ማዕዘን ላይ አንድ ድምፅ ለመስማት ሰው እስከ ደጃፍ ይቀመጥ ነበር እኮ!

ያን ጊዜ ማንጎ በክምር ነበር የሚሸጠው። ሃምሳ ሳንቲም የሰጠ ሰው ተሸክሞ የማይችለውን ክምር ያነሳል። እኛ ልጆች ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን፤ በፀሐይ ይቀልጥና እግራችን ላይ የቀዳዳውን ቅርፅ ያትምብናል። የሃቦባ አሻ ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ቀዩን የአበባ ሻይ ከርከዴን ከፈለግክ ትንሽ ትጨምራለህ። ሃቦባ ማለት አያት ማለት ነው፤ የአገሩ ተወላጆች በርታዎቹ ከሱዳን ዓረብኛ ወስደውት የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ የወሎው ሰፋሪም የወለጋውም፣ ሃቦባ ነበር የሚላት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሎሚ ቀለም ያለው ቶብ ተጠቅልላ የምትሄድ ሴት ነበረች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። እናቴን "አንተ ሀዋ" ትላታለች፤ ኦቦ ገለታን፣ የመንገድ ሥራ ጡረተኛውን የወለጋ ሰው፣ "አንቺ ገለታ" ስትለው ሰፈሩ ይስቃል፤ እሱ ግን "አቤት ሃቦባ" ብሎ ይነሳል።

ያን ድምፅ የሚያወጣው ሳንዱቅ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ነበር የሚቆመው። ቁመቱ የያኔዋን እኔን ደረቴ ድረስ ይመጣል። ጥቁር ቡናማ እንጨት ነው፤ ምስጥ ጥርሱን የሰበረበት እንጨት። ፊቱ ላይ ከግራና ከቀኝ የወይን ሐረግ ተቀርጾ ይወጣና አናቱ ላይ ይተቃቀፋል፤ ሐረጉ መሀል ሁለት ወፎች አንድ ፍሬ ይዘው ይጓተታሉ። ከወፎቹ ሥር እንደ መስጊድ መስኮት ቅስት ሆኖ የተፈለፈለ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ላይ ወርቃማ ክር የገባበት ጨርቅ ተወጥሯል። አራቱ እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ ናቸው። እነዚያ መዳፎች እያንዳንዳቸው የተቃጠለ ዘይት በሞላ የሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። እንጨቱን ምስጥ እንደማይደፍረው ሁሉም ያውቃል፤ ሃቦባ ግን "ምስጥ ዛሬ እምቢ አለ፤ ነገ ራበው፣ ምን ታውቃለህ?" ትላለች። ስለዚህ አንበሳው ዕድሜ ልኩን ሰርዲን ሲበላ ኖረ።

ባሏ ነው ያመጣው፤ እኔ አልደረስኩበትም። በኩርሙክ በኩል እየተሻገረ ከሱዳን ጋር የሚነግድ ሰው ነበር። ካርቱም ላይ አገሩን ለቆ የሚሄድ አንድ እንግሊዝ ዕቃውን ሲሸጥ ገዛው። የጥንቱ ሬዲዮ እንደዛሬው በአንድ ዕቃ ያለቀ አልነበረም፤ የሚቀበለው ለብቻ፣ የሚናገረው ለብቻ ነው፣ በሽቦ ይገናኛሉ። ሰውዬው ሁለቱንም በሁለት አህያ ጭኖ ሲመጣ ወንዝ ሲሻገሩ የመጀመሪያዋ አህያ አዳለጣት። "ጆሮ ወንዝ በላ፤ አፍ ለኛ ቀረ" ትል ነበር ሃቦባ አሻ ስታወራው። ታዲያ ያ አፍ ስንት ዓመት ዝም ብሎ ቆመ። ልብስ ሰቀሉበት፣ ዶሮ ተኛበት። ከዕለታት አንድ ቀን ልጇ ጃፈር መያዣው የተሰበረ ትንሽ የቻይና ሬዲዮውን ወለሉ ላይ እንዳይረገጥ ብሎ በሳንዱቁ የጀርባ በር ከተተው። ሬዲዮውን ሳያጠፋው። ድምፁ በወርቃማው ጨርቅ ሲወጣ እናቱ ከጓዳ ሮጣ መጣች አሉ። ትንሿ ሬዲዮ ስትንሾካሾክ የኖረችው፣ እዚያ ውስጥ ስትገባ ወፍራም ጎልማሳ ሆነች። ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ የሚያወራህ ያህል።

እንግዲህ የሰፈራችን ወግ ከዚያ ጀመረ። ሬዲዮ ማስገባት ይባል ነበር። ሬዲዮ ያለው ሁሉ የራሱን ይዞ፣ የራሱን የባትሪ ድንጋይ አጉርሶ ይመጣል፤ ሃቦባ የጀርባውን በር ትከፍትለታለች፣ ሬዲዮው ይገባል። አርብ ከሰላት በኋላ የሃቦባ ነው፤ የሱዳን ዘፈን፣ ዑድና ጭብጨባ ያለበት። እሁድ ጠዋት ኦቦ ገለታ የኦሮምኛ መዝሙሩን ያስገባል፤ ሃቦባ አንድም ቃል ሳይገባት ራሷን እየነቀነቀች ሻይ ትቀዳለች። የማታው ዜና የሁሉም ነው። የሰው ሬዲዮ ገብቶ ሳለ ቁልፉን መንካት ነውር ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ወታደር ጣቢያ ልቀይር ብሎ እጁን ሲዘረጋ ሃቦባ በማማሰያ መታችው፤ "የሰው ቤት ገብተህ የሰው ሚስት ታያለህ?" አለችው። ወታደሩ ይቅርታ ጠይቆ ሁለት ብርጭቆ ከርከዴ ጠጣ።

እሁድ ከሰዓት የእናቴ ነበር። ያን ሰዓት ማንም አይሻማትም። የጠፉ ዘመዶች ማፈላለጊያ የሚተላለፍበት ሰዓት ነዋ። እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ ስትመጣ ልጅ ነበረች፤ እኔ በዚያ የሬዲዮ ዘመን የነበርኩበትን ዕድሜ ብትሆን ነው። ወላጆቻቸው በረሃቡ አልቀው ከታላቅ እህቷ ከሉባባ ጋር ሁለቱ ብቻ ነበር የቀሩት። መጠለያው ውስጥ ሰው በመኪና ሲጫን ሉባባ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። እናቴ ያለችበት መኪና ተነሳ። ይኸው ነው። በቃ። ከዚያ አሶሳ አራገፏት፤ የሰፋሪዎች አምባ ውስጥ ካንድ ቤተሰብ ጋር አደገች፣ አገባች። አባቴ እኔ በሆዷ ሳለሁ "አገሬን አይቼ ልምጣ" ብሎ ሄደ፤ እስካሁን እያየ ነው። እሷም አምባውን ለቃ ከተማ ገባችና በርበሬ መሸጥ ጀመረች። ስለ አባቴ አንድም ቀን አልቅሳ አላየኋትም። እሁድ ከሰዓት ግን ነጠላዋን ታጥባ፣ ቀይዋን ሬዲዮ በላስቲክ አስራ፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ትወጣለች።

ድንጋይ ውድ ነበር። ሁለት ድንጋይ የሚገዛ ሰው ያን ሳምንት ስኳሩን ይቀንሳል። ስለዚህ የደከመ ድንጋይ አይጣልም፤ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ትንሽ ይነቃል፤ ለዜና ይበቃል፣ ለአንድ ዘፈን ይበቃል። እናቴም እሁድ ጠዋት ድንጋዮቿን አስጥታ እኔን ዶሮ እንዳያንከባልላቸው ጠብቂ ትለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ያቺ እሁድ መቼም አትረሳኝም። አንባቢዋ ሴት ነበረች፤ ድምፅዋ በሳንዱቁ ውስጥ ሲመጣ እንደ አክስት ይሞቅ ነበር። የአንዱን ወታደር፣ የአንዷን እናት ስም አነበበች። ሃቦባ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ኦቦ ገለታ ያንቀላፋል። ከዚያ "ሉባባ እንድሪስ" አለች። "ሉባባ እንድሪስ ከወሎ መጠለያ የተለየቻትን ታናሽ እህቷን ሀዋ እንድሪስን ትፈልጋለች። ሉባባ በአሁኑ ጊዜ የምትገኘው..." ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ የሰከረ ሰው ሆነ፣ ጠፋ።

እናቴ ተነስታ ሳንዱቁን በሁለት እጇ ደበደበችው። "ተናገር! ተናገር እንጂ!" አለችው።

"ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ!" አለች ሃቦባ። ኦቦ ገለታ በአንድ እግሩ ጫማ ሮጠ። የእጅ ባትሪውን እንደያዘ ሲመለስ ክዳኑን መፍታት አቃተው፤ ሃቦባ በጥርሷ ፈታችው። ቀይዋ ሬዲዮ ስትነቃ ዘፈን ገብቷል። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። "አለች" አለች። "አላችሁ ወይ፣ ሰማችሁ አይደል? እህቴ አለች። ያረቢ፣ የት እንዳለች ሳትነግረኝ!"

ሁላችንም ሰምተናል፤ ሁላችንም ያልሰማነው አንዱን ነገር ነው። በማግስቱ ቴሌ ሄደን ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ለመደወል ተሰለፍን፤ መስመሩ እምቢ አለ። ያለን ተስፋ አንድ ነው፤ ያ ማስታወቂያ በሚቀጥለው እሁድ ይደገማል። ሁሌም ሁለት እሁድ ነበር የሚያነቡት። ከዚያ ካመለጠ ግን አበቃ።

እና በዚያው ሳምንት ጃፈር ሳንዱቁን ሸጠው።

በጃፈር አልፈርድም፤ ያኔ ፈርጄ ነበር። የቤታቸውን ማገር ምስጥ ጨርሶት ክዳኑ ወደ አንድ ጎን ዘሞ ነበር፤ አንድ ጎርፍ ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ የመጣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ሳንዱቁን አይቶ ለጣሪያ ቆርቆሮ የሚበቃ ብር ሰጠ። ሃቦባም እሺ ብላለች። ግን ሰውዬው በፒካፕ የሚመጣው እሁድ ጠዋት ነው፤ ነቀምት ሳይመሽበት መድረስ ይፈልጋል።

ሲመጣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር። ጃፈር ከገመድ ጋር ጠበቀው። ሃቦባ አሻ ሳንዱቁ ፊት በርጩማ ዘርግታ ተቀመጠች።

"ዛሬ ከሰዓት ይወስዳል" አለች። "መጀመሪያ የሀዋ እህት ይመጣል።"

"እማ፣ ሬዲዮኑ እኮ የራሷ ነው" አለ ጃፈር። "ሳንዱቁ ባይኖር መሬት ላይ አስቀምጣ ትሰማው የለ?"

እኔም አፌ አያርፍም፤ ያኔም እንዲሁ ነኝ። "እውነቱን ነው እማዬ፣ እንጨት እኮ ነው" አልኩ።

እናቴ ዞራ አየችኝ። "ባለፈው የመጣችው በሱ ነው" አለች በቀስታ። "በሱ ነው የመጣችው። ሌላ ቦታ ብትፈልገኝስ?"

ማንም አልሳቀም። መሳቅ የሚገባው ጃፈር እንኳ ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ "የኔ እመቤት፣ እኔ መንገደኛ ነኝ" አለ። ሃቦባ "መንገደኛ ሻይ ጠጣ፣ ደከመህ" ብላ ብርጭቆ አስያዘችው። ሁለተኛውን ሲጠጣ መነጽሩን አወለቀ። ሦስተኛው ላይ የማን እህት እንደሆነች ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ነቀምት አልተነሳም።

ከሰዓት ሳሎኑ አልበቃ ብሎ ሰው ደጅ ቆመ። ያን ቀን የመጣው ድንጋይ ሱቅ ያስከፍታል፤ ሁሉም ከነማሸጊያው፣ አዲስ ገዝቶ። ሃቦባ "ፀሐይ የጠጣ ድንጋይ ዛሬ እዚህ አይገባም፣ ወላሂ እጥላለሁ" ብላ በር ላይ ትፈትሻለች። እናቴ ሬዲዮዋን በጀርባው በር አስገባችና እጇን ከውስጥ ሳታወጣ ቀረች። አንባቢዋ ጀመረች። የአንዱን ልጅ አነበበች። የሌላውን አባት አነበበች። ማስታወቂያ አስገባች፣ የሳሙና። ኦቦ ገለታ "ያ ዋቃዮ፣ የምን ሳሙና ነው!" ብሎ ጮኸና አፉን ያዘ። አሁንም ሌላ ሰው፣ አሁንም ሌላ ሰው።

"...ሉባባ እንድሪስ በአሁኑ ጊዜ የምትገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ባምባሲ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ነው።"

ባምባሲ! ጠዋት ወጥተህ ከሰዓት የምትመለስበት ባምባሲ! ኋላ እንደሰማነው ሉባባን ያራገፏት ሌላው የሰፈራ ቦታ ፓዌ ነበር፤ ነጋዴ አግብታ ባምባሲ ከገባች ዓመታት ሆኗታል። እናቴ ግን ያን ጊዜ ደስታ አልታየባትም። ተናደደች።

"ባምባሲ?" አለች። "በርበሬ የማወርድበት ባምባሲ? ስንት ቅዳሜ ሄጄ? ስንት ቅዳሜ እዚያ ገበያ ውዬ? ኧረ ሰዎች፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው የሰጠኝ?" ነጠላዋን አጣፋች። "ነይ ሰዓዳ፣ እንሂድ።"

"እማዬ፣ እሁድ ነው፣ መኪና የለም።"

"በእግሬ።"

ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠና ተነሳ። "ባምባሲ በመንገዴ ነው" አለ።

ስለዚህ ሳንዱቁን ከቤት ያወጣነው እናቴ አጠገቡ እንድትቀመጥ ነው ማለት ይቻላል። ጃፈርና ኦቦ ገለታ ከሰርዲን ቆርቆሮው አንስተው ፒካፑ ላይ ጫኑት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት፣ በገመድ አሰሩት። ሃቦባ አሻ ደጅ ወጣች፤ አላለቀሰችም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ወፎቹን በጣቷ ነካች። ከዚያ "ሰው አገኘ። ኸላስ፣ ሥራው ጨረሰ" አለችና ብርጭቆዎቿን ልትሰበስብ ገባች። በዚያው ክረምት ዝናቡ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም የማያወራበት ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ አይቻታለሁ። ወንበሮቹን ግን እንደነበሩ ወደ ባዶው ግድግዳ አዙራ ነበር የምታስቀምጣቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሰው ሁሉ ሞባይል ገዛና ለየብቻው ማዳመጥ ጀመረ፤ እሷም ሞተች፤ ጃፈርም ማዕዘኑን ሸጠው።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ከኋላ ሆነን አቧራውን እየጠጣን ሄድን፤ ቀርከሃው ከግራ ከቀኝ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ የምስጥ ኩይሳው ቀይ ሆኖ ቆሞ ያየናል። እናቴ ሳንዱቁን እንደ ሰው አቅፋ ነበር። መኪናው ሲዘልም አልለቀቀችው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አክስቴ ጠየቅኳት። ቀይ ናት ጠይም? ትቆጣለች? ልጆች አሏት? "አላውቅም" ትላለች። "አላውቅም። እጇ ሻካራ ነበር። ፀጉሬን ስትሠራኝ ታሳምመኝ ነበር።"

ባምባሲ ገበያው አጠገብ ወረድን። ሰውዬው አቧራውን ከመነጽሩ ጠረገና እጁን አንስቶልን ሄደ፤ ብርድ ልብስ የለበሰው ሳንዱቅ በነቀምት መንገድ ሲያንስ፣ ሲያንስ አየሁት። ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ አላውቅም። ጠይቀን ጠይቀን አንድ የሸመል አጥር ያለው ግቢ አሳዩን። በሩ ክፍት ነው። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ገፋችኝና ፊት አስቀደመችኝ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ረጅም ሴት ጆንያ ላይ የተሰጣ በርበሬ ታገላብጣለች። ዓይኗን ሳታነሳ፣ "በርበሬ ከሆነ አልደረቀም፤ ቅዳሜ ኑ" አለች። ከዚያ ቀና አለች። ከኋላዬ የቆመችውን ትልቅ ሴት አላየቻትም። እኔን ነው ያየችው። ኮንጎ ጫማዬን፣ አቧራ የለበሰ ፀጉሬን፣ ፊቴን። በርበሬው ከእጇ ወደቀ። መጥታ ተንበረከከችና በዚያ ሻካራ እጇ ጉንጬን ያዘችው።

"ሀዋ?" አለችኝ።

እናቴ ከኋላዬ፣ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው የልጅ ድምፅ፣ "አቤት" አለች።